ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»፤ ከሳባ ፊደል የተማርነው

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ጥንታዊ ፊደል አጠር ያለ ጥናት ልናቀርብላችሁ ተነሥተናል። ወደ ጥናቱ ከመግባታችን በፊት ግን ለጥናቱ መነሻ የሆነንን ስሕተታችንን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል።

የልደት በዓል ሲቃረብ እኛ የሽንዲ ወጣቶች ለመርሐ ግብራችን ማስጌጫ የሚሆን ጽሑፍ በነጭ አቡጀዲ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍን። ጽሑፉም «ብርሃን ሰረቀ» የሚል ነበር። ሁለት ሌሊት ደክመንበታል፤ የፊደሎቹን ዳር በወርቅማ ቀለም አስጊጠነዋል። ሰቅለነው ቆመን ስናደንቅ የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀና ብለው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፣

«ልጆቼ፣ ብርሃኑን ማን ሰረቀው?» አሉን።

እኛ ነገሩ አልገባንም። ከመካከላችን ግእዝ ትንሽ የቀመሰ አንድ ወንድማችን ብቻ ፊቱ ቀላ። በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ምሥራቅ» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። እኛ ብርሃን ወጣ ብለን ልናበሥር ፈልገን ብርሃን ሌባ ሆነ ብለን በቀይ ቀለም ሰቅለን ነበር።

ከእኛ አንዷ ደፈር ብላ፣ «የኔታ፣ ይቅር ይበሉንና፣ ሁለቱም ድምፃቸው አንድ አይደለም ወይ?» ስትል ጠየቀች።

«በእናንተ አፍ አንድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በእኔም አፍ አንድ ነው» አሉ የኔታ። «በጽሕፈት ግን አንድ አይደሉም። እስቲ ሣልስን በየትኛው ትጽፋላችሁ?»

«በንጉሡ።»

«ሳድስንስ?»

«በእሳቱ።»

«ለምን?»

ሁላችንም ዝም አልን። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያልን ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ውኃ የጠጣነው ነው፤ ሦስተኛው በ«ሣ»፣ ስድስተኛው በ«ሳ» የሚጻፍበትን ምክንያት ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። የኔታም «እኔም ከመምህሬ የተቀበልኩት እንዲሁ ነው። ሥሩን የሚነግራችሁ ካገኛችሁ መጥታችሁ ለእኔም ንገሩኝ» ብለውን ሄዱ። አቡጀዲውን አውርደን «ሰ»ን በነጭ ቀለም ደፍነን «ሠ» ጻፍንበት። ከቅርብ ለሚያየው ግን አሮጌው ፊደል አሁንም ከሥር ይታያል።

ለታናናሾቻችን አንድ ነገር እናስታውስ። ድምፃቸው በአማርኛ አንድ የሆኑትን ፊደሎች አባቶች በስም ይለዩዋቸዋል። ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ»፣ ብዙኃኑ «ኀ»፤ ንጉሡ «ሠ»፣ እሳቱ «ሰ»፤ አልፋው «አ»፣ ዐይኑ «ዐ»፤ ጸሎቱ «ጸ»፣ ፀሐዩ «ፀ» ይባላሉ። ስሙ የተሰጠው ፊደሉ በሚገኝበት ቃል ነው። ከዚህ በታች በእነዚህ ስሞች እንጠቀማለን።

ወራት አለፉ። ክረምት ሆኖ ትምህርት ሲዘጋ፣ በሌላ ከተማ ታሪክ የሚያስተምሩ አንድ የሽንዲ ተወላጅ ዘመድ ለመጠየቅ መጡ። ነገሩን ብናጫውታቸው ሣቁና ስልካቸውን አውጥተው የአንድ ድንጋይ ፎቶግራፍ አሳዩን። በድንጋዩ ላይ ቀጥ ቀጥ ብለው የተቀረጹ ምልክቶች አሉ። «ይህን አንብቡልኝ» አሉን። «ጋሼ፣ ይህ እኮ የእኛ ፊደል አይደለም» አልናቸው። «አይደለም። ግን ደኅና አድርጋችሁ እዩት» አሉን። ጥቂት ቆይቶ ከመካከላችን አንዱ «ያች በ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ «ገ» አገኘች። ከዚያም «ቀ»፣ «ሰ»፣ «የ» እየተባለ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዐሥር ያህል ፊደል ለቀምን። የእንግሊዝኛን ፊደል ስንማር ስንት ወር እንደፈጀብን የምናስታውስ ሁሉ ተገረምን።

ድንጋዩ የሳባ ጽሑፍ የተቀረጸበት ነው። የሳባ ፊደል ከቀይ ባሕር ማዶ በዛሬይቱ የመን፣ በማሪብና በአካባቢው በነበሩት ጥንታውያን መንግሥታት ዘንድ ይጻፍበት የነበረ ነው። በእኛም አገር በትግራይ ይሓ፣ 14 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጥንት ቤተ ጣዖት ግንብ ዛሬም ቆሞ በሚታይበት አካባቢ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተቀረጹ የሳባ ጽሑፎች ተገኝተዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ደግሞ በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ቦታ የሳባ ጽሑፍ ያለበት መሠዊያ ከነቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ ከመሬት ውስጥ ወጥቷል። ሊቃውንት አባቶች የፊደልን ነገር ከሄኖስ ጀምረው ይተርካሉ፤ የታሪክ ሰዎች ደግሞ ከድንጋዩ ተነሥተው የግእዝ ፊደል ከዚህ ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት እንዳደገ ይናገራሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው የድንጋዩን መንገድ ነው።

በዚህ ገጽ ላይ የሳባን ፊደል ማተም አልተቻለንም። ስለዚህ በቃል እየገለጽን እንሄዳለን፤ አንባቢ በወረቀት ወይም በአሸዋ ላይ በጣቱ እየሣለ ይከተለን።

ከክብ ፊደሎች እንጀምር፤ አራት ናቸው። ባዶ ክብ ሣሉ፤ ይህ ዐይኑ «ዐ» ነው፤ ከእኛው ምንም አይለይም። ዐይን የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጥንት የሴም ሕዝቦች ዘንድ የዚህ ፊደል ስም ዐይን ነው፤ መነሻ ሥዕሉም ዐይን ነበር። አሁን በክቡ ውስጥ ከላይ ወደ ታች አንድ ሰረዝ አስገቡ፤ ሰረዙ ከክቡ አይውጣ። ይህ «ወ» ነው። ሰረዙን ከላይም ከታችም አሳልፉት፤ «ቀ» ይሆናል። ክቡን ባዶ አድርጋችሁ ከሥሩ እግር ብታቆሙለት «የ» ነው። የእኛን «ዐ»፣ «ወ»፣ «ቀ»፣ «የ» ከጎኑ ጽፋችሁ አስተያዩ።

ቀጥሎ የደጃፍ ቅርጽ ያላቸው ይመጣሉ። ሁለት መቃንና አንድ ጉበን ሣሉ፤ «በ» ነው። በእኛ ቤት በርም እንዲሁ ነው፤ የፊደሉም ጥንታዊ ስም ቤት ነው። በደጃፉ ራስ ላይ አንድ እንጨት ብትተክሉበት እሳቱ «ሰ» ሆነ። አንዱን መቃን ብትነቅሉት «ገ» ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ልባችን አብጦ ነበር። ያሳፈሩን ከዚህ በኋላ የመጡት ናቸው። ከሁለት ጥርስ በላይ ያለው መንሽ ጣቶቹን ወደ ሰማይ አድርጎ ቆሞ አየንና «ይህ በእኛ ዘንድ የለም» ብለን ፈረድን። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጠው ሰጡን፤ ሐመሩ «ሐ» ሆኖ በሦስት እግሩ ቆመ። ለካ በእኛ ፊደል መንሹ ተዘቅዝቆ ኖሯል። «መ» በሳባ ቀጥ ባለ እንጨት ጎን ላይ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡ ሁለት ጕጦች ያሉት ነው፤ በጎኑ ስታስተኙት የእኛው «መ» ሆኖ ይገኛል። ንጉሡ «ሠ»ም እንደዚሁ ነው፤ በሳባ እንደ መጋዝ ጥርስ ወደ ጎን ተሰብስቦ የቆመ ነው፤ በእኛ ዘንድ ተጋድሞ ጥርሱ ወደ ላይ ቀረ። ሃሌታው «ሀ» ደግሞ በሳባ እግር ያለው ዋንጫ ነው፤ እኛ እግሩን ጥለን ዋንጫውን ብቻ አስቀረን።

ከዚህ የተማርነው አንድ ነገር አለ። ፈጽሞ የማያውቁትን ፊደል የሚማር ሰው ተጠንቅቆ ይማራል። የሚያውቁትን የሚመስል ፊደል የሚማር ሰው ግን ፈጥኖ ያነባል፤ ፈጥኖም ይሳሳታል። ከእኛ በፈተናው የወደቁት ፊደል የማያውቁት ትንንሾች አልነበሩም፤ «ይህንማ ዐውቀዋለሁ» እያልን የተሻማነው ትልልቆቹ ነን። በተለይ «ወ»ንና «ቀ»ን ስንቀላቅል ዋልን፤ በእጅ ጽሕፈታችን ሰረዙ ከክቡ ወጣ ወይስ አልወጣ ብለን ተጨንቀን ስለማናውቅ ነው።

በቍጥር ረገድ ሒሳቡ ደስ የሚል ነው። የሳባ ፊደል 29 ነው። ከእነዚህ ውስጥ በግእዝ ቦታ ያላገኙ 5 አሉ፤ 24 ቀሩ። በእነዚህ ላይ ከግሪክ ለመጡ ቃላት የሚያገለግሉ «ጰ» እና «ፐ» ተጨምረው የግእዝ ፊደል 26 ሆነ። አማርኛ ደግሞ «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ኸ»፣ «ዠ»፣ «ጀ»፣ «ጨ» የተባሉ 7 ፊደሎችን ከነባሮቹ ላይ ምልክት እየቀጠለ አበጀና 33 አደረሰው። ጎረቤቶቻችን አዊዎችም አገውኛቸውን በዚሁ ፊደል ያስተምራሉ። የተራውን ነገር ያየን እንደሆነ ሳባም የሚጀምረው እንደ እኛ በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። «አበገደ» የተባለው ሁለተኛው ተራችን ግን ከዕብራውያንና ከግሪኮች ጋር የሚገጥመው ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ በዚህ በአበገደ ተራ የተዘጋጀ ስለሆነ በሀለሐመ ለምዶ የሚፈልግበት ሰው መጀመሪያ ላይ ይንከራተታል። እኛም ተንከራተናል።

የሳባ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ከሁሉ የጥንቶቹ ግን ሌላ ጠባይ አላቸው፤ አንዱ ተራ ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ ሲያልቅ ቀጣዩ ከዚያው ካለቀበት ጀምሮ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ግሪኮች ይህን ዐይነት ጽሕፈት በሬ እንደሚዞረው ብለው ሰይመውታል። ይህን ስንሰማ ለእኛ ለወምበርማ ልጆች ተጨማሪ ማስረጃ አላስፈለገንም። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲመጡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሰኔ የሚታየው ይኸው ነው፤ ገበሬው ትልሙን ይዞ ከማሳው ዳር ሲደርስ ጥማዱን አዙሮ በመጣበት አጠገብ ይመለሳል እንጂ፣ ሞፈሩን ተሸክሞ አዲሱን ትልም ካሮጌው መጀመሪያ ለመጀመር አይሮጥም። እኛ ግን ስናነብ በየተራው መጨረሻ ዐይናችንን ይህን ያህል መንገድ በባዶ እናስኬደዋለን። አስተውሉ፤ ተራው ሲዞር ፊደሎቹም አብረው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወደ ግራ ያይ የነበረው «ገ» በሚቀጥለው ተራ ወደ ቀኝ ያያል። ይህ ደግሞ ሌላ መሳሳቻ ሆነን።

በቃላት መካከል ሳባውያን የሚያስገቡት አንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ነው፤ እኛ ሁለት ነጥብ እንደምናደርገው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። በሳባ ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ብቻ ነው፤ አናባቢውን አንባቢው ከአእምሮው ያመጣል። ይህን ለመቅመስ የየአገራችንን ስም በዚህ አኳኋን ለመጻፍ ተነሣን። «ፍኖተ ሰላም»ን «ፈነተ ሰለመ» ብለን ጻፍነው፤ ይህ ደኅና ነው። «ቡሬ»ን «በረ» ብለን ጽፈን ከውጭ ለገባ ወንድማችን ብንሰጠው «በሬ» ብሎ አነበበ። ሌላው «በር»፣ ሌላው «ብር»፣ ሌላው «በራ» አለ። ቡሬ ያለ አንድም አልተገኘ፤ የቡሬ ልጅ የሆነችው እኅታችን ተቆጥታ ወረቀቱን ቀደደችው። «ሽንዲ»ን ልንጽፍ ስንል ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ፊደል ተሰናከልን። «ሸ» አማርኛ በኋላ ያበጀው ስለሆነ በጥንቱ ተራ ውስጥ የለም። ከፊሎቻችን በ«ሰ» ይጻፍ አልን፤ «ሸ» የተቀጠለው ከ«ሰ» ላይ ነውና። ከፊሎቻችን በ«ሠ» አልን፤ የምክንያቱን ነገር ከታች እንመለስበታለን። መምህሩ አልፈረዱልንም።

እነዚህን የድንጋይ ጽሑፎች የዘመኑ ሰው ማንበብ የቻለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 ጌዜኒዩስና ሮዲገር የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ፊደሎቹን ከለዩ ወዲህ ነው። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የአክሱሙ የንጉሥ ዔዛና ድንጋይ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የቆመው ይህ ድንጋይ የንጉሡን የቤጃ ዘመቻ በሦስት ዐይነት ጽሕፈት ይናገራል፤ በግእዝ ፊደል፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ፊደል። የሚደንቀው ነገር በሳባ ፊደል የተጻፈው ክፍል ቋንቋው ሳባ አለመሆኑ ነው። ቋንቋው በአብዛኛው ግእዝ ነው፤ የሳባን ልብስ ለብሶ የቀረበ ግእዝ። ጸሓፊው የሳባን መልክ ለመስጠት በየስሙ መጨረሻ «መ» እየጨመረ «አከሰመ» ማለት ሲበቃው «አከሰመመ» ይላል፤ «ንጉሥ» በማለት ፈንታም «መለከ» ይላል። ከ1600 ዓመት በፊት በአክሱም የተቀመጠ ጸሓፊ ሁለቱን ዘመዳሞች ፊደሎች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ሠርቷል ማለት ነው። አንባቢው ሁለቱንም ያውቅ ነበር ይሆን፣ ወይስ ድንጋዩ እንዲከበር ብቻ ነው የጻፈው እያልን በመካከላችን ብዙ ተከራክረናል።

በዚያ ድንጋይ ላይ ያለው የግእዙም ጽሑፍ ገና አናባቢ የለውም። በዚያው በዔዛና ዘመን በተቀረጹ ሌሎች ድንጋዮች ላይ ግን ካዕቡም፣ ሣልሱም፣ ራብዑም ተለይቶ ወጥቶ ይታያል። በአንድ ንጉሥ ዘመን ውስጥ ዛሬ በፊደል ገበታ የምንቈጥረው ነገር ሲወለድ ለማየት የሚቻልበት ቦታ ይኸው ነው። «በረ»ን ከ«ቡሬ» የለየልን፣ በጎን የተሰካች ያች ትንሽ ጭረት ናት።

የንጉሡንም ስም እንመልከት። ዛሬ ብዙ ሰው «ኢዛና» ብሎ በአልፋው ይጽፈዋል። በድንጋዩ ላይ ግን የስሙ መጀመሪያ ክቡ፣ ዐይኑ ነው። «ንጉሥ» በንጉሡ «ሠ» ተጽፏል። «ሳባ» በእሳቱ «ሰ» ነው፤ «ሰበአ» ተብሎ። «ሐበሻ» ግን «ሐበሠተ» ተብሎ በንጉሡ ተጽፏል። የዚያ ዘመን ሰው አንዱን በሌላው ቦታ አያገባም፤ ለጆሮው ሁለት ልዩ ልዩ ድምፆች ነበሩና።

እዚህ ላይ ያገዘን በአንድ ክፍል አብሮን የሚማር እስላም ጓደኛችን ነው። ዐረብኛ ቍርአን ሲቀራ ተምሯል። ከአንድ ጀምሮ እንዲቈጥርልን ለመንነው። እኛ በግእዝ ስንጽፍ እርሱ በዐረብኛ ጠራ። እኛ «ኀምስቱ» ስንል እርሱ «ኸምሳ» አለ፤ ብዙኃኑ «ኀ» በእርሱ አፍ ከጕሮሮ ወጣ። እኛ «ሰብዐቱ» ስንል እርሱ «ሰብዐ» አለ። ወደ ዐሥር ሲደርስ ግን እኛ «ዐሠርቱ» ብለን በንጉሡ ስንጽፍ እርሱ «ዐሸራ» አለ። «ንጉሥ»ን ጠየቅነው፤ የሐበሻን ንጉሥ በዐረብኛ «ነጃሺ» ይሉታል አለን። «ሐበሠት»ም በእነርሱ ዘንድ «ሐበሽ» ነው። በእሳቱ የምንጽፈውን እርሱ «ሰ» ይለዋል፤ በንጉሡ የምንጽፈውን «ሸ» ይለዋል። በጽሕፈታችን የለየናቸውን እርሱ በአፉ ይለያቸዋል። «ሽንዲ» በንጉሡ ይጻፍ ያሉት ጓደኞቻችን ምክንያታቸው ይህ ነበር።

በሦስት ቍጥር ላይ ግን ሕጉ አልሠራልንም። በዐረብኛው ሦስት በ«ሸ» አይጀምርም፤ ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ በሚወጣ በሌላ ድምፅ ነው የሚጀምረው። አዘንን፤ የየኔታ ጥያቄ የነበረው ይኸው ሣልስ ነውና። መምህሩ ግን የጥንቱ ሳባ ሦስትን በዚያች በመጋዝ ጥርስ ፊደል፣ በንጉሡ «ሠ» ይጀምረው እንደነበር ነገሩን፤ ስድስትን ደግሞ በራሱ ላይ እንጨት በተተከለበት ደጃፍ፣ በእሳቱ። ሣልስ በንጉሡ፣ ሳድስ በእሳቱ። 

በመጨረሻ ጓደኛችንን ስለ አቡጀዲው ጠየቅነው። በዐረብኛ ፀሐይ ወጣች ሲባል ምን ይባላል? «ሸረቀት» አለ። ሌባ ወሰደ ሲባልስ? «ሰረቀ» አለ። የኔታ እንዳሉት ነው። ነገሩን ገና አጫውተነው ስላልነበር ለምን እንደሣቅን አልገባውም ነበር።

እንግዲህ ከእኛ መካከል አንድ አሳብ አልተገኘም። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች ይቀነሱ የሚል አሳብ ባለፈው መቶ ዓመት በምሁራን ዘንድ ብዙ አከራክሯል፤ እኛንም ሁለት ወገን አድርጎናል። አንደኛው ወገን ሕፃናት የማይሰሙትን ልዩነት እንዲሸመድዱ ማድረግ ድካም ነው፣ ግእዙ በግእዝነቱ ይጠበቅ፣ አማርኛው ግን ይቅለል ይላል። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም፤ በፈተና ወረቀት ላይ በ«ሐ» እና በ«ሀ» ነጥብ የተቀነሰበት ሁሉ ይረዳዋል። ሌላው ወገን ግን «ምሕረት»ንና «ትምህርት»ን ያነሣል። ምሕረት በሐመሩ የሆነው ከ«መሐረ»፣ ይቅር አለ ከሚለው ስለመጣ ነው፤ ትምህርት በሃሌታው የሆነው ከ«መሀረ»፣ አስተማረ ከሚለው ስለመጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ፊደል የጻፍን ዕለት ቃሎቹ ከየት እንደመጡ የሚነግረን ምልክት ይጠፋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ወደ ሁለተኛው ያደላን ነን፤ ይሁን እንጂ እኛም ብንሆን ገና እንሳሳታለን። በዚህ ገጽ ላይ ያለ ቦታው የገባ ፊደል ያገኘ አንባቢ ምልክት አድርጎ ይመልስልን።

ወደ የኔታ የሄድነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ፊደሎቹን በወረቀት ላይ አጉልተን ጽፈን ወሰድንላቸው። ዐይናቸው ስለደከመ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው አራቱን ክቦች በጣታቸው ተከተሉ፤ ዐይኑን ራሳቸው ለዩት። መንሹን ባሳየናቸው ጊዜ ወረቀቱን ራሳቸው ገለበጡትና «ሐመሩ!» አሉ፤ እኛ አልነገርናቸውም ነበር። የሣልስንና የሳድስን ነገር ስናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙን። «እንግዲያ ድምፁን ያ ልጅ ያውቀዋል በሉኛ» አሉ። አዎን፣ ያውቀዋል አልናቸው። «አምጡትና እኔም ልስማው» አሉ። በሳምንቱ ጓደኛችን መጥቶ በቤታቸው ደጃፍ ተቀምጦ «ሰረቀ፣ ሸረቀ» እያለ ደጋግሞ አሰማቸው፤ እርሳቸውም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከእርሱ ጋር ይሉት ነበር።

ለአንባብያን መለማመጃ የሚሆን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ከዚህ በታች ያለው ሁለት ተራ እንደ ጥንቱ ያለ አናባቢ፣ እንደ በሬ እርሻም እየዞረ የተጻፈ አማርኛ ነው። የመጀመሪያውን ተራ ከቀኝ ጀምራችሁ ወደ ግራ፣ ሁለተኛውን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡ። መልሱን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን።

ደመጠ ፡ ረበ ፡ ረበገ

ወደ ፡ መሰ ፡ ወረደ